ሰማያዊው ጆግና ባለ ጫማ ፊደሎች

ቤታችን ውስጥ ከኔ ትዳር የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ዕቃ ቢኖር አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ጆግ ነው። እጀታው አንድ ጊዜ ተሰብሮ በጋለ ቢላ ተጣብቋል፤ አፉ ተሸራርፏል፤ ቀለሙም ከመደብዘዙ የተነሳ ሰማያዊ ነው ብዬ የምከራከረው ድሮ ስለማውቀው ብቻ ነው። ከብስራተ ገብርኤሉ ቤት ወጥተን አባባን ሀይሌ ጋርመንት ወዳለው አፓርታማ ይዤው ስገባ፣ ሆን ብዬ ከሚጣሉት ዕቃዎች ጋር ቀላቅዬው ነበር። ዕቃው ሁሉ ተጭኖ መኪናው ሊነሳ ሲል አባባ፣ ያ ዓይኑን የዓይን ግፊት የወሰደበት ሰው፣ ከጋቢና ሆኖ «ጆጉስ?» አለ። ወርጄ አመጣሁት። ምን ላድርግ።

አባባ ፊደል ለቃሚ ነበር። እንዲህ ስል የዛሬ ልጆች ከመሬት የሚለቀም ነገር ይመስላቸዋል፤ የኔ እኩዮች ግን ታስታውሱታላችሁ። ያኔ መጽሐፍም ሆነ የሰርግ ጥሪ፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብም ሆነ የሙት ዓመት ካርድ የሚታተመው፣ አንድ ሰው እያንዳንዷን ፊደል ከእንጨት ሳጥን በጣቱ እያነሳ ከደረደራት በኋላ ነበር። ሳጥኑ በትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ ፊደላችን ደግሞ ከነልጅ ልጁ ብዙ ነው፤ አባባ ግን ቀና ሳይል እጁን ልኮ የፈለጋትን ያወጣ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከቄራ ወረድ ብሎ የነበረ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ አንዳንድ ቀን ይዞኝ ይሄድ ነበር። የቀለሙና ፊደሎቹ የሚታጠቡበት የጋዝ ሽታ ገና ከበሩ ይቀበለኛል። ነዳጅ ማደያ ስገባ ሽታው እንዲገባልኝ መስኮት የምከፍተው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እማዬ ለዚያ ሁሉ ሙያ አንድ ስም ብቻ ነበራት፤ «ብረት»። «ያ ብረትህ ኪስህን በላው፣ ያ ብረትህ አንሶላውን አጠቆረው» ትለዋለች። እሱም ሁልጊዜ፣ ሳይቆጣና ሳይሰለች፣ «ብረት አይደለም፤ እርሳስ ነው» ይላታል። ስለለመድነው እኔና ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቼ ቀድመነው እንመልስላት ነበር። ፊደሉ የሚሠራበት የእርሳስ ማዕድን ደረት ይጎዳል ተብሎ መሥሪያ ቤቱ ለፊደል ለቃሚዎች በየቀኑ ወተት ይሰጣቸዋል። አባባ የሱን ድርሻ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ ለኛ ያመጣዋል። ለሱ መድኃኒት የተባለውን እኛ እየጠጣን አደግን ማለት ነው። ያኔ ማናችንም አላሰብነውም፤ ዛሬ ሲያስለው ስሰማ ግን ያቺ ጠርሙስ ትታየኛለች።

ከፊደሎቹ ሁሉ አባባ የሚወደው አንድ ዓይነት ነበር፤ «ባለ ጫማ» ይለዋል። የእያንዳንዱ እግር ጫፍ ላይ ጠፍጠፍ ያለች ነገር አለች፣ ያቺ ጫማው ናት። አናቱ ላይ ደግሞ ሰያፍ ብላ የተቀመጠች ቆብ አለችው። ቋሚው ወፍራም ነው፣ አግድሙ ቀጭን። ለምን ብዬ ስጠይቀው ከቃሪያ መቃ ብዕር ቆርጦ አሳየኝ፤ እውነቴን ነው፣ ከእማዬ የቃሪያ ስንጥቅ ላይ አንዱን ወስዶ ጫፉን በሰያፍ ቆረጠና በቀለም ነክሮ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ጻፈበት። ወደ ታች ሲጎትተው ወፈረ፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጠነ፣ ሲያነሳው እግሩ ላይ ትንሽ ጫማ ትቶ ተነሳ። «አየሽ፣ ማንም ቁጭ ብሎ አልፈለሰፈውም፤ እጅ እንዲህ ስለሚሄድ ነው» አለኝ። እማዬ ቃሪያዋን ስታጣ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

ለምን እንደሚያገለግልም ሕግ ነበረው። ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ ወፋፍራም ፊደሎች ለሱቅ ስምና ለግድግዳ ናቸው። «ኃይለኛ ውሻ አለ ለማለት ጫማ አያስፈልግም» ይላል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ጽሑፍ ግን፣ መጽሐፍ፣ ጸሎት፣ ደንብ፣ ጫማ ያድርግ፤ አለዚያ የአንባቢው ዓይን መንገድ ላይ ይደክማል። ለቅሶና ሰርግም ያለ ባለ ጫማው አይሆኑም፤ ሰው ለቅሶ ቤትና ሰርግ ባዶ እግሩን አይሄድምና። «ለ» አንድ ጥንድ ይበቃታል። «ጠ» ግን ሦስት እግር ስላላት፣ ሁለት ጥንድ ገዝታ አንዱን እግር ለ«ተ» ትሰጣታለች፤ «ተ» እግሯ አንድ ነዋ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት እንዲህ ነው።

በዚህ የተነሳ አንደኛ ክፍል ስገባ ጉድ ፈላ። የእርሳሱ ፊደል ወረቀት ላይ ሲታተም እንዲቃና ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው፤ እኔ ደግሞ ፊደልን ያወቅሁት ከአባባ መዳፍ ላይ ነው። አስተማሪዬ ስምሽን ጻፊ ስትለኝ ከቀኝ ጀምሬ፣ እያንዳንዱን ፊደል ገልብጬ፣ እግሩ ላይ ጫማ አድርጌለት ጻፍኩ። ወላጅ አምጪ ተባልኩ። አባባ ደብተሬን አየና ኪሱ ውስጥ ያለችውን የእጅ መስታወት አወጣና ደብተሩ ላይ አቁሞ ለአስተማሪዋ አሳያት። መስታወቱ ውስጥ ትዕግሥት በቀለ የሚል ስም ቀጥ ብሎ ቆሟል። አስተማሪዋ ሳቀች። መንገድ ላይ ግን «እሷ የምታስተምርሽ ለሰው የሚነበበውን ነው፤ የኔ ገና ያልታተመ ነው» አለኝና እጄን ያዘ።

አባባ ከሥራ ሲመለስ እጁን ሳይታጠብ ማናችንንም አይነካም። እማዬ ደጃፉ ላይ ሳሙናና ውሃ ይዛ ትጠብቀዋለች፤ ከእጁ የሚወርደው ውሃ ጥቁር ነበር። የሚታጠበው ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት ነው። አራተኛ ክፍል እያለሁ ጆጋችን ወድቆ ተሰነጠቀና እማዬ በቲማቲም ድልህ ጣሳ ማፍሰስ ጀመረች። ጣሳው ጠርዙ ስለት ነበረው፤ አንድ ቀን አውራ ጣቷን ቆረጣት። ጨርቅ ጠቅልላበት ማፍሰሷን ቀጠለች፤ እኔ ግን ያቺ ጨርቅ አንጀቴን በላችው። ጆግ ማግኘት አለብኝ ብዬ ቆረጥኩ።

በዚያው ዓመት ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር አስገባ። ፊደሎቹ በጆንያ በጆንያ ተደርገው ወጡ፤ አባባም ወደ ጥረዛ ክፍል፣ ሰው የለቀመውን ሳይሆን ማሽን ያወጣውን ወረቀት ወደሚያጥፉበት ተዛወረ። ኃላፊው «ጋሽ በቀለ፣ ማስታወሻ የሚሆንህን ውሰድ» አለው። አባባ አንድ ከባድ ነገር በቡናማ ወረቀት ጠቅልሎ፣ በሲባጎ አሥሮ ይዞ መጣና አልጋ ሥር ከተተው። ምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። «አትንኩት» ብቻ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁ ንጹህ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ሆኖም ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጣት በጣት መታጠቡን አልተወም። እማዬም በጣሳዋ ታፈስለታለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ገበያ ሄዳ፣ አባባ ሥራ ገብቶ፣ ልዋጩ በሰፈራችን መጣ። ልዋጭ ማለት ያረጀ ነገር ተቀብሎ አዲስ ዕቃ የሚሰጥ ሰው ነው፤ ትከሻው ላይ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ጆግ ተንጠልጥሏል። አንዱ ጆግ ሰማያዊ ነበር። ያረጀ ልብስ ይዤ ወጣሁ፣ አልበቃውም። «ብረታ ብረት የላችሁም?» አለኝ። አልጋ ሥር ያለው ነገር ትዝ አለኝ። አትንኩት መባሉ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን የአባባ ብረት ሥራው አልቋል፣ ከእንግዲህ ማን ይፈልገዋል ብዬ አሰብኩ፤ በአሥር ዓመት ጭንቅላት ይህ ትልቅ ብልህነት ነበር። ጥቅሉን በሁለት እጄ አቅፌ አወጣሁት። ልዋጩ አንድ ጊዜ በእጁ መዘነው፣ ዓይኑ በራ፣ ምንም ሳይከራከር ጆጉን ሰጠኝ። ወረቀቱን እንኳ አልፈታሁትም።

እማዬ ስትመጣ በአሮጌ ብረት ለወጥኩት አልኳት፤ ከጓሮ የለቀምኩት መሰላት። «እደጊልኝ፣ የእናቷን ጣት ያየች» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። አመሻሽ ላይ በአዲሱ ጆግ ለአባባ ያፈሰስኩለት እኔ ነኝ። «ይሄስ ውሃውን ሰብሰብ አድርጎ ያወርዳል» አለ። ደስታዬ ለሳምንት በቃኝ።

ወሩ ሳይሞላ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባባ አልጋ ሥር ጎንበስ አለ። ቆይቶ ተነሳ፣ እንደገና ጎንበስ አለ። አልጋውን ሳብ አደረገው። ከዚያ ሳጥኑን፣ ከዚያ የእህል ጆንያውን አነሳ። እማዬ ምን ጠፋህ ትለዋለች። በመጨረሻ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና እኔን አየኝ። «ላንቺ ነበር» አለ።

ነገሩን የነገረን ያኔ ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ፊደሎቹ ተጠርገው ከመውጣታቸው በፊት፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት፣ የሰርግ ጥሪ ካርዴን ለቅሞ ነበር። በባለ ጫማው። የራሱ ስም፣ የእማዬ ስም፣ «በልጃችን በትዕግሥት ሰርግ ላይ እንድትገኙልን» የሚለው ሁሉ ተደርድሮ በሲባጎ ታሥሯል። የሙሽራው ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ግን ፊደል የሌለባቸውን ባዶ እርሳሶች ደርድሮበታል። ስታድጊ ያንን ባዶ ቦታ ሞልቼ፣ እዚያው ይዤው ሄጄ አሳትመዋለሁ ብሎ ነበር ያሰበው። ዘመኑ ቢሄድም አንድ ካርድ የሚያትም ማሽን የትም አይጠፋም አለ። ይህን ሲል ፈገግ ለማለት ሞከረ።

እማዬ ጆጉን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ሁሉም ነገር የገባት በዚያች ቅጽበት ነው። ፊቷን ወደ አባባ መለሰችና «እኔ ነኝ» አለች። «ቤት ስጠርግ ቆሻሻ መስሎኝ አውጥቼ ጣልኩት። ዓይኔ ይጥፋ» አለች። አባባ ከአልጋው ተነሳ። ከዚያ «ይሁን፣ ሳታውቂ ነው» አላት። ወጥቶ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። እውነቱን ከተናገርኩ እናቴን ውሸታም ላደርጋት ነው፣ ዝም ካልኩ ደግሞ የኔን ጥፋት ተሸክማ ልትኖር ነው። ዝም አልኩ።

በማግስቱ እማዬ ከትምህርት ቤት አስቀርታ ይዛኝ ወጣች። ልዋጩን በሰው በሰው አጠያይቀን ጎፋ ጋ አገኘነው፤ እሱም ብረታ ብረት የሚረከቡት ሰዎች ግቢ ድረስ መራን። እርሳስ የሚያቀልጠው ሰውዬ ጨዋ ነበር፤ ወንበር ሰጣት። ያኔ የመጣው ሁሉ ለባትሪ ጥገና ቀልጧል ብሎ ጥግ ላይ የተደረደሩ ግራጫ ጡቦች አሳየን። እማዬ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካቻቸውና «የኛው የትኛው ይሆን?» አለች። ሰውዬው «እናቴ፣ ከቀለጠ ወዲያ ሁሉም አንድ ነው» አላት። እጄን ይዛ እስከ ቤታችን መለሰችኝ። በሩ ጋ ስንደርስ «ሆድ ይፍጀው» አለችኝ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚባለው ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ዓመታት አለፉና አገባሁ። ካርዱን ለማሠራት ከእማዬ ጋር ሳር ቤት አንድ የኮምፒውተር ቤት ስንሄድ አባባ ካልመጣሁ አለ። ዓይኑ ያኔ ጤነኛ ነበር። የሚሠራልን ልጅ «ፋዘር፣ ይሄ አሪፍ ነው፣ ሁሉም የሚያሠራው ይሄን ነው» ብሎ ባዶ እግሩን የሆነ ክብልል ያለ ፊደል አሳየው። አባባ «ጫማ ያለው የለህም?» አለው። ልጁ እኔን አየኝ። አስረዳሁት፣ ብዙ ፈልጎ አንድ አወጣ፤ ቆቡም ጫማውም አለው፣ ቁርጥ የድሮውን ነው። አባባ መነጽሩን አድርጎ ተጠጋ። «የ'በ' ቀኝ እግር ቀጥኖበታል» አለ፤ የጎደለ ነገር ሁልጊዜ ቀድሞ የሚታየው ለሱ ነው። ናሙናው ሲወጣ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። የእርሳሱ ፊደል ወረቀቱን ጫን ስለሚለው በጣት ይታወቃል፤ ይሄ ግን ልሙጥ ነበር። ደግሞ ዳበሰው። ከዚያ የባለቤቴ ስም ላይ ሲደርስ ጣቱን አቆመና «የሙሽራውም ቦታ ሞላ» አለ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እማዬ ከውጭ ሆና በሩን ሁለቴ ቆረቆረችልኝ።

እማዬ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ሆድ ይፍጀው ያለችውን ሆዷ ውስጥ እንደያዘች ሄደች። የሙት ዓመቷን ጥሪ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው በስልክ ነው የላክነው፤ ፊደሉ ምን ጫማ እንዳደረገ ማንም አላየም። ዛሬ ልጄ በስልኳ ላይ ፊደል በጣቷ እየገፋች በአንድ ደቂቃ አሥር ዓይነት ትቀይራለች፣ ባለ ጫማውም መሀል ላይ አለ። አባባ ግን አያየውም። ያ የፈለጋትን ፊደል ሳያይ ያወጣ የነበረ እጅ አሁን ማንኪያ ይፈልጋል። በጣቱ ሊያነበው የሚችለው አንድ ነገር ቢኖር እኔ በጆግ የለወጥኩት ነበር። ይህን ሳስብ የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል።

ያለፈው እሁድ ምሳ ቀርቦ እጁን ላስታጥበው ተቀመጥኩ። ከታች ሳፋ፣ ከላይ ጆግ። እንደ ድሮው እጅጌውን ሰበሰበና ጣት በጣት ይታጠብ ጀመር።

«ይሄ ጆግ ግን ጠንካራ ነው» አለ። «እናትሽ ናት የገዛችው?»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም። «እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ አባባ» አልኩት።

«በምን?»

ልነግረው ነበር። እናቴ የለችም፣ ማንንም ውሸታም አላደርግም፣ አሁን ንገሪው አልኩ ለራሴ። አፌ ላይ የመጣው ግን ያው የልጅነቴ ቃል ነው። «ባሮጌ ብረት ለውጬ።»

እጁ ቆመ። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አገናኝቶ ቀስ ብሎ አሻሸ፤ ከሳጥኑ ውስጥ ያወጣትን ፊደል እንደዚያ ነበር የሚፈትሻት።

«ብረት አይደለም» አለ። «እርሳስ ነው።»

«አባባ» አልኩት። ማወቁን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ፣ እማዬን ያን ቀን ይሁን ሲላት ያውቅ እንደነበር፣ አንዱንም መጠየቅ አልቻልኩም። እሱ ግን እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

«ጨምሪ፣ ሳሙናው አልለቀቀም» አለኝ።

አፈሰስኩለት። ድሮ ከእጁ የሚወርደው ውሃ ጥቁር ነበር፤ አሁን እንደፈሰሰ ንጹህ ሆኖ ሳፋው ውስጥ ይገባል። በቃኝ እስኪል ድረስ አፈሰስኩ፤ በቃኝም አላለ፣ ጆጉ አለቀ።